የእናቴ ጉድጓድ እስኪያልቅ

የሰው ቤት ያልኖረ ሰው ምኑ እንደሚያደክም አያውቅም። ኪራዩ አይደለም የሚያደክመው፤ ጥንቃቄው ነው። ቡታጅራ ውስጥ ከባሌ ጋር ስንት ቤት ገብተን ስንት ቤት እንደ ወጣን እኔ እንጃ፤ መቁጠሩን ትቻለሁ። አንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነበር። ሌላው ቤት ደጃፍ ላይ ውሃ መድፋት ያስቆጣል። የመጨረሻዋ አከራያችን ደግሞ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ባልቴት ነበሩ። ልጆቼ ሲስሉ ወይ ድስት ከእጄ ሲወድቅ ግድግዳውን በምርኩዛቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። እኔም በዚህ በኩል ሆኜ "ይቅርታ እትዬ!" እላለሁ። ግድግዳውን ይቅርታ ስጠይቅ የምውል ሴት ሆኜ ቀረሁ። ይሄም ኑሮ ተብሎ!

ባሌ የወሎ ሰው ነው። ለመምህርነት ተመድቦ መጣ፣ እኔን አገባ፣ በዚያው እኛ አገር ቀረ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ደግነት ጣሪያ አይሆን። ስነጫነጭበት፣ "እስቲ በጃንሆይ ዘመን ቤት የገዛ መምህር አንድ ቁጠሪልኝ" ይለኛል እየሳቀ። እኔን ግን አያስቀኝም ነበር። ማታ ማታ የምመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። ያለ ማንም ፈቃድ ምስማር የምመታበት ግድግዳ ብቻ ነበር የምመኘው።

እንግዲህ አባቴ የሞተው በዚህ መሃል ነው። ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ ሲወጡ ከመንገዱ ገባ ብላ ያለች መንደር ናት አገራችን። አባቴ ረጅም ጊዜ ታሞ ተኝቶ ነበርና ሞቱ ያልታሰበ አልነበረም። የተወው ያው አንድ ገበሬ የሚተወውን ነው፤ ቤቱን፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን እንሰት፣ ከታች ያለችውን የበቆሎና የበርበሬ ማሳ። በአገራችን ወግ ሴት ልጅ መሬት አትወርስም። ከተወለደች ጀምሮ የሌላ ቤት ሰው ናት፤ አባቷ ሲሞት አልቅሳ ትመለሳለች። ወራሹ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ ደግሞ ገና ጺም ሳያበቅል መርካቶ ገብቶ ጨርቅ ነጋዴ የሆነ፣ አገሩን በመስቀል በመስቀል የሚያይ ሰው ነው።

አባታችን በሞተ በመስቀሉ ወንድሜ እንደ ልማዱ መጣ። ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሰፊ የመንደር ሣር ሜዳ፣ ጀፎረ በምንለው፣ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጠራኝና አስቀመጠኝ።

"እቴ፣ ነገሩን ሳስብ ከረምኩ" አለኝ። "እኔ ከእንግዲህ አርሼ አልበላ። እማዬ አርጅታለች፣ ብቻዋን ናት። አንድ የእንሴኖ ነጋዴ ለመሬቱ ደህና ዋጋ ሰጥቶኛል። ግማሹን ሱቄ ላይ ልጨምር፤ ግማሹ ላንቺ ቤት መግዣ ይሁን። እማዬን ግን አንቺ ዘንድ ውሰጃት።"

ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው! ወጉ ምንም አያስገድደውም እኮ። እንኳን ግማሹን፣ አንዲት የእንሰት ቅጠል ባይሰጠኝ ማንም ክፉ አይለውም። "ጋሼ!" አልኩ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል እሱ ደግሞ አፍሮ በሁለት እጁ አነሳኝ።

ቤቱንማ ከመሬቱ ሽያጭ በፊት ነው ያገኘሁት። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ወደ ወልቂጤ ተዛውሮ ቤቱን ለመሸጥ ገዢ ይፈልግ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ማድቤት ያለው፣ በሩ ላይ አንድ የኮክ ዛፍ የቆመበት ቤት። ከገበያ ስመለስ ሆን ብዬ ዞሬ በዚያ አልፋለሁ። ከሥሩ ያለው መሬት እንደ ከተማው ሁሉ የባላባቱ ነው፤ በየዓመቱ የቦታ ኪራይ ይከፈልበታል። ባሌ ይሄን ሲሰማ፣ "ታዲያ ያው ተከራዮች ነና!" አለ።

"ዝም በል አንተ!" አልኩት። "መሬቱ የፈለገው ይሁን። ግድግዳው የኔ ነው።"

ጸሐፊው ጨዋ ሰው ነበር። የአባቴ መሬት እስኪሸጥ እንደሚጠብቀን ቃል ሰጠን። እኔም ምስማር ገዝቼ በቆርቆሮ አስቀመጥኩ። እንዲህ ነው ሰው ሲሞኝ።

ሽያጩ በወጉ መሠረት በሽማግሌ ፊት ተነገረ። መጀመሪያ ዘመዱ ሁሉ ተጠየቀ፤ የባዳ እጅ ከመግባቱ በፊት የሚገዛ ዘመድ ካለ ይግዛ ተባለ፤ የሚችል ጠፋ። ገዢው የእንሴኖ ነጋዴ ወፍራም፣ ረጋ ያለ እስላም ነው። ሽማግሌዎቹን "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ፣ እኛን "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ተቀመጠ። የሚገዛው መሬቱን ከነቆመው እንሰት ነው። እንሰቱን ነቅሎ ጫት ሊተክልበት እንደሆነ አልደበቀም። ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ አንድ እግር እንሰት እንዳይነካ አለ፤ ሁሉም ተስማማ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። አንዱ ሽማግሌ ዞሮ፣ "አንቺስ እናቲቱ፣ የምትይው አለ?" አላት።

እናቴ አማርኛ ብትሰማም አትናገርም። በጉራግኛ ረጋ ብላ እንዲህ አለች፦ "መሬቱ የባሌ ነው፤ ልጁ ይሽጠው። የቆመው እንሰትም ይሂድ። የቀበርኩት ግን የኔ ነው። ጉድጓዴ ውስጥ ያለው ቆጮ እስኪያልቅ ከቤቴ አልወጣም።"

ሽማግሌው አንገቱን ነቀነቀ። "እውነቷን ነው። ሴት ቆጮዋን ቀብራ አትሄድም።" ወንድሜም እሺ አለ፤ ገዢውም እሺ አለ።

ይሄን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ቆጮ የኛ አገር እህል ነው። ሴቶች እንሰቱን ይፍቁታል፣ ኮባ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀብሩታል፣ በኮባና በድንጋይ ይከድኑታል፤ እዚያ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። መትከሉ የወንድ ነው። ከተፋቀ በኋላ ግን ወንድ አይጠጋም። ጓሮ ሄዶ ጉድጓድ የከፈተ ወንድ መሳቂያ ነው። አንዲትን ሴት "ስንት ጉድጓድ አለሽ? ምን ያህል ቀርቶሻል?" ብሎ መጠየቅማ ቀሚስሽን ግለጪልኝ እንደ ማለት ነው። ወንድሜም ገዢውም የዚያው አገር ልጆች ናቸውና "ስንት ነው?" የሚል ቃል ካንዳቸውም አፍ አልወጣም። ጉድ እኮ ነው፤ መርካቶ ውስጥ አንድ ክንድ ጨርቅ ሳይለካ የማይሸጥ ሰው ያልተለካ ውል ገባ።

የጠየቀው ባሌ ነው፤ የሰው አገር ሰው ምን ያድርግ! "ለመሆኑ ስንት ጉድጓድ ነው?" አለ ጮክ ብሎ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ጭኑን ቆነጠጥኩት።

"ግድ የለም" አለ ገዢው ሊያስታርቅ። "አንዲት አሮጊት ናት። ቢበዛ ጥምቀት ድረስ ነው።" ቀብዱን ሰጠ፣ ተመራርቀን ተነሳን።

ጥምቀት መጣ፣ አለፈ። አላለቀም። ፋሲካ መጣ፤ አላለቀም። እኔ በየገበያው ቀን ስንዴም፣ ባቄላም፣ ዘይትም አገር ቤት በሚሄድ ጋሪ ላይ እጭንላታለሁ። ጋሪ ነጂው ሲመለስ፣ "እናትሽ ደህና ናቸው። ገና ነው ብለዋል" ይለኛል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሁሉ "አለቀ ወይ?" እያለ ይልካል። ጸሐፊው ከወልቂጤ በመጣ ቁጥር ወደኛ ጎራ ይላል። ሚስቱ እዚያ በኪራይ ቤት ተቸግራ አላስቀምጥ እንዳለችው እያፈረ ይነግረኛል። "ትንሽ ቀን" እለዋለሁ። እሱ ሲወጣ ባልቴቷ ግድግዳውን ኳ ያደርጉታል፤ ድምፃችን በዝቶባቸው።

ክረምት ሳይገባ እኔው ራሴ ሄድኩ። እናቴ ከስታ አገኘኋት። ጓሮ ገብቼ ላግዝሽ ብላት፣ "እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ" ብላ ከበር መለሰችኝ። ያቀረበችልኝ ራሴ የላኩትን ስንዴ ጋግራ ነው። ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተናደድኩ። የኔን ስንዴ እየበላች የራሷን ቆጮ የምትቆጥብብኝ መሰለኝ። ሆነ ብላ ቀን የምትገዛ መሰለኝ። በጋሪ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስነታረክ መጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት የኔ ነገር ነው።

መስቀል ዞሮ መጣ። ወንድሜም መጣ፤ ክትፎው ተከተፈ፣ ቆጮው ቀረበ። ቆጮው መቅረቡን ሲያይ ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። "ይኸው፣ ገና አለ ማለት ነው" አለኝ በጆሮዬ። በማግስቱ ገዢው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆኖ ጀፎረው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ረጋ ያለው ሰውዬ ያን ቀን ረጋ አላለም።

"እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለ። "ዓመት ጠበቅኩ። ዛሬ ግን ወይ መሬቴን፣ ወይ ቀብዴን።"

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። ላብ አውጥቶታል። "እቴ፣ እኛ ወንዶች አንገባም። አንቺ ሴት ነሽ፣ ልጇ ነሽ። ግቢና በዓይንሽ እይ። ካለቀ 'አልቋል' በይን፤ ዛሬውኑ እንጨርስ። ካለም 'አለ' በይን። አንቺ ያልሽው ይሆናል።"

ሽማግሌው "ልክ ነው፤ የልጅቱ ዓይን ይበቃል" አለ። እንግዲህ መሬት የማልወርሰው እኔ መሬቱን በአንድ ቃል የምሸጠው ሆንኩ። ባሌ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እሱም የኮክ ዛፉ በዓይኑ ላይ እንደሆነ አውቄያለሁ።

ወደ ጓሮ ስገባ እናቴ እንሰቱ መሃል ቆማ ጠበቀችኝ። የመጣሁበትን አውቃዋለች። አልከለከለችኝም። "ክፈቺው" አለችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን ጉድጓድ ድንጋይ አነሳሁ። ኮባውን ገለጥኩ። ቆጮ ሲከፈት የሚወጣው የኮመጠጠ ሽታ አልወጣም። ባዶ ነው። ከታች ደርቆ የተሰባበረ አሮጌ ኮባ ብቻ። ከላይ የተከደነው ግን አዲስ፣ ገና ያልጠወለገ ነበር። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ እሱም ባዶ። የቀረውንም ሁሉ አንድ በአንድ ከፈትኩ። አንድ ጭብጥ እንኳ ቆጮ የለም።

"መቼ ነው ያለቀው?" አልኳት።

"አባትሽ ሲታመም ማን ፍቆልኝ ነው የምቀብረው?" አለች። "በሱ አልጋ ሥር ስቀመጥ ስንት ዘመን ሄደ። የቀረውን ለቅሶው በላው።"

"እና ለሽማግሌው ስትናገሪ..."

"ያን ጊዜም የለም።"

"የትናንትናውስ?"

"የጎረቤት ሴቶች ናቸው ያመጡልኝ። የዓምናውንም።"

የመንደሩ ሴት ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዓመት ሙሉ አንዷም ለባሏ ትንፍሽ አላለች። እናቴ በሽያጩ ምክንያት የቆመውን እንሰት መንካት አትችል፣ የተቀበረ የላት፤ የኔን ስንዴና የጎረቤትን ቁራሽ እየበላች፣ ሰው እንዳይጠረጥር በባዶ ጉድጓድ ላይ የጎረቤት ኮባ ስትቀይር ከርማለች። ወይኔ!

ግን ንዴቴም አልለቀቀኝም። "እኔስ?" አልኳት። "እኔ ልጅሽ አይደለሁም? ቤቱ ሁለት ክፍል ነው እኮ። አንዱ ያንቺ ነበር። እዚህ ብቻሽን ከምትራቢ እኔ ዘንድ ብትመጪ ምን ትሆኛለሽ?"

እንዲህ አለችኝ፤ ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፦ "ልጄ፣ አንቺ በመጣሽ ቁጥር የምትነግሪኝ የአከራይሽን ነገር ነው። ልጅ ሳለብኝ፣ ዕቃ ወደቀብኝ፣ ይቅርታ አልኩ ትይኛለሽ። እኔ ደግሞ አሮጊት ነኝ፤ ሌት አስላለሁ፣ ዕቃ እጥላለሁ። ባልሽ ደግ ነው፣ አይቆጣኝም። ግን ይቅርታ ማለቴ አይቀርም። አንቺ በልጅነትሽ የደከመሽን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልጀምረው?"

ከሰው ሁሉ እኔ ነኝ ይሄ የሚገባኝ። ባይገባኝ እንዴት በተሻለኝ ነበር!

እዚያው ቆሜ ብዙ አሰብኩ። "አልቋል" ብዬ ብወጣ እውነት ነው፤ ውሸት የለበትም። ማታውኑ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ በሳምንቱ ቤት እገባለሁ። የገዛ ማድቤቴ ታየኝ። ልጆቼ እንደ ልባቸው ሲስሉ፣ እንደ ልባቸው ሲሮጡ ታዩኝ። እናቴንም አየኋት፤ ጥጓ ላይ ተቀምጣ፣ ሳሏን በነጠላዋ ስታፍን።

ጎንበስ ብዬ ኮባውን መለስኩ። ድንጋዩንም መለስኩ። የሁሉንም። እናቴ አንዷን ድንጋይ ልታግዘኝ እጇን ዘረጋች፤ "ተዪው፣ እኔ አደርገዋለሁ" አልኳት። ተቆጥቼ ነው ያልኳት። ቁጣዬም አልበረደም ነበር፤ እየተናደድኩ ነው የከደንኩት።

ስወጣ ሁሉም ቆመው ነበር።

"እሺ?" አለ ወንድሜ።

"አለ" አልኩ።

"ብዙ ነው?" አለ፣ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት። ሽማግሌው በቁጣ ጉሮሮውን ጠረገና ወንድሜ አፈረ። ገዢው እንሰቱን ለመጨረሻ ጊዜ አየት አደረገና፣ "አላህ ያቆይላት" ብሎ ቀብዱን ጠየቀ። ወንድሜ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ለኔ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ብቻ እስከሚቀጥለው መስቀል ሰላምታ አልላከልኝም። ጸሐፊውም ቤቱን ለአንድ እህል ነጋዴ ሸጠው። ነጋዴው የኮክ ዛፉን ቆርጦ ሚዛን ተከለበት አሉ። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ስለተውኩ አላየሁትም።

ቀብዱ ከተመለሰ በኋላ እንሰቱ ዳግመኛ የእናቴ ሆነ። የመንደሩ ሴቶች ቀን ቆርጠው ሊፍቁላት ተሰበሰቡ፤ እኔም ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ እግሬን ዘርግቼ ስፍቅ ዋልኩ፤ እጄ በእንሰቱ ውሃ ጠቆረ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ሴቶቹ ይቀልዱብኛል፤ "የከተማ እጅ!" ይሉኛል። ስለ ጉድጓዱ ግን አንዷም አላነሳችም። ሲመሽ አዲስ ኮባ አንጥፈን አንዱን ጉድጓድ ሞላንላት። ድንጋዩን የጫንኩት እኔ ነኝ።

ቆጮው ደርሶ የመጀመሪያው ሲላክልኝ ባልቴቷ ኪራይ ጨምረውብን ልንወጣ ዕቃ እያሰርን ነበር። ጋሪ ነጂው በኮባ የተጠቀለለውን ሰጥቶኝ፣ "ከጉድጓዴ ነው በላት ብለዋል" አለኝ። ባሌ ከታሰረው ፍራሽ ላይ ቁጭ ብሎ ቆርሶ ቀመሰ። ጣፈጠው። ከዚያ ባዶውን ክፍል ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ለመሆኑ የእማማ ጉድጓድ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለኝ።

ይሄን ሁሉ ዓመት እኛ አገር ኖሮ እንኳ ወጉ አልገባውም።

"ወንድ ልጅ የሴት ጉድጓድ አይጠይቅም" አልኩት። "በል ተነስ፣ አልጋውን በዚያ በኩል ያዝልኝ። ግድግዳውን እንዳይነካ ቀስ አድርገህ።"